ዕረፍት በጊዜው መልካም ነው

፩. ስለ ዕረፍትና ስለ ስንፍና

የእርሻ በሬ ቀኑን ሁሉ ቀንበር ተሸክሞ ይውላል። በመሸ ጊዜ ግን ገበሬው ከቀንበሩ ይፈታዋል፤ ውሃ ያጠጣዋል፤ ሣር ይሰጠዋል፤ ከዚያም ያሳርፈዋል። ገበሬው ይህን የሚያደርገው ለበሬው ስለሚራራ ብቻ አይደለም፤ ያላረፈ በሬ በማግሥቱ መልካም አድርጎ እንደማያርስ ስለሚያውቅ ነው። መሬትም ሳታርፍ ዓመት ካመት ብትታረስ ፍሬዋ እያነሰ ይሄዳል። ስለዚህ ብልህ ገበሬ አንዱን ማሳ ሲዘራ ሌላውን ጦም ያሳድራል።

ሰውም እንደዚሁ ነው። ሥጋው ይደክማል፤ ልቡም ይዝላል። የደከመ ሰው በትንሽ ነገር ይቈጣል፤ የሚያውቀውን ይረሳል፤ ትናንት በደስታ የሠራውን ሥራ ዛሬ በማጕረምረም ይሠራዋል። ስለዚህ ዕረፍት ለሰው የተሰጠ በረከት ነው።

ነገር ግን ዕረፍትና ስንፍና ከሩቅ ሲታዩ ይመሳሰላሉ። ሰነፍም ተቀምጦ ይታያል፤ የሚያርፍ ሰውም ተቀምጦ ይታያል። ልዩነታቸው የሚታወቀው ከመቀመጣቸው በፊትና ከተቀመጡ በኋላ በሚያደርጉት ነው። ሰነፍ ሳይሠራ ይቀመጣል፤ ከተቀመጠም በኋላ መነሣትን ይጠላል። የሚያርፍ ሰው ግን ሠርቶ ይቀመጣል፤ ዐርፎም በአዲስ ኃይል ይነሣል።

ይህን ልዩነት በሕይወቱ ያሳየ አንድ መምህር ነበረ፤ ስሙም ኤሪክ ሊድል ይባላል። በዚህ ምንባብ የሚነገረው የእርሱና የቤተ ሰቡ ታሪክ ነው። ዓመታቱም ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ተጽፈዋል።

፪. የሚሲዮናውያን የዕረፍት ፈቃድ

ወንጌልን ለማስተማር፥ ሕሙማንን ለማከም፥ ትምህርት ቤትም ለማቆም ከአገራቸው ወጥተው ወደ ሩቅ አገር የሚሄዱ ሰዎች ሚሲዮናውያን ይባላሉ። እነዚህ ሰዎች በተላኩበት አገር አያሌ ዓመታት ከሠሩ በኋላ ወደ ትውልድ አገራቸው ተመልሰው ጥቂት ወራት ወይም አንድ ዓመት ያህል እንዲቀመጡ የላካቸው ማኅበር ይፈቅድላቸዋል። ይህ የዕረፍት ፈቃድ ይባላል።

የዕረፍት ፈቃድ የሚሰጥበት ምክንያት ብዙ ነው። አንደኛ፥ ባልለመዱት አገር አየርና በሽታ የተጎዳ ሥጋቸው እንዲጠገን ነው። ሁለተኛ፥ ያረጁ አባትና እናታቸውን፥ ወንድምና እኅታቸውንም እንዲያዩ ነው። ሦስተኛ፥ ገንዘብ አዋጥተው የላኳቸው ምእመናን የሥራውን ፍሬ ከአፋቸው እንዲሰሙ ነው። አራተኛ፥ ልጆቻቸውን ወደ ትምህርት ቤት እንዲያስገቡ ነው።

በቀድሞ ዘመን ይህ መንገድ እጅግ ረጅም ነበረ። ከቻይና ወደ እንግሊዝ አገር የሚሄድ ሰው በሸራ መርከብ አፍሪቃን ዞሮ አያሌ ወራት በባሕር ላይ ይቈይ ነበረ። በ1869 የስዊዝ ቦይ ተከፈተ፤ በእንፋሎት ኃይል የሚሄዱ መርከቦችም በዙ፤ መንገዱም አጠረ። ከዚያም በኋላ በሳይቤሪያ ምድር ላይ የባቡር ሐዲድ ስለ ተዘረጋ ሰው ባሕር ሳይሻገር ከአውሮፓ እስከ ሩቅ ምሥራቅ መሄድ ቻለ።

መንገዱ ቢያጥርም መለያየት ግን አልቀረም። ሚሲዮናውያን ወደ አገራቸው ሲሄዱ የሚያስተምሯቸውን ሰዎች ይለያሉ፤ ፈቃዳቸው ባለቀ ጊዜም ዘመዶቻቸውን፥ አንዳንድ ጊዜም የገዛ ልጆቻቸውን ይለያሉ።

፫. በፈቃድ መጨረሻ የቀረ ልጅ

ኤሪክ ሊድል በ1902 በቻይና አገር ቲየንሲን በምትባል ከተማ ተወለደ። አባቱና እናቱ የስኮትላንድ ሰዎች ነበሩ፤ ወደ ቻይና የላካቸውም የለንደን ሚሲዮን ማኅበር ነበረ። ኤሪክ አንድ ታላቅ ወንድምና አንዲት ታናሽ እኅት ነበሩት፤ ኋላም ሌላ ወንድም ተወለደለት።

በ1907 አባትና እናቱ የዕረፍት ፈቃድ አግኝተው ልጆቻቸውን ይዘው ወደ ስኮትላንድ ሄዱ። ልጆቹ አገራችሁ ነው ሲባሉ የኖሩትን አገር በዓይናቸው አዩ። ስሙን ብቻ የሚያውቁትን ዘመድ ሁሉ አገኙ። ይህ ጊዜ ለቤተ ሰቡ የደስታ ጊዜ ነበረ።

ነገር ግን ፈቃድ መጨረሻ አለው። በ1908 ኤሪክና ታላቅ ወንድሙ በለንደን አጠገብ ለሚሲዮናውያን ወንዶች ልጆች በተሠራ አዳሪ ትምህርት ቤት ገቡ። አባታቸውና እናታቸው ወደ ቻይና ሥራቸው ተመለሱ። ኤሪክ በዚያን ጊዜ ገና የስድስት ዓመት ልጅ ነበረ። ከዚያ በኋላ በእርሱና በወላጆቹ መካከል ደብዳቤ ብቻ ቀረ፤ ደብዳቤውም እስኪደርስ ብዙ ሳምንት ያልፍ ነበረ።

ይህን ነገር ሳያስቡ ማለፍ አይገባም። ሰው በጎ ሥራ ሲሠራ ዋጋውን የሚከፍል እርሱ ብቻ አይደለም፤ ቤተ ሰቡም ከእርሱ ጋራ ይከፍላል። ትንሹ ኤሪክም ከዚህ ዋጋ ድርሻውን ከፈለ። አባትና እናት አጠገብ ሆነው የሚያልፉ ቀኖች ምን ያህል የከበሩ እንደ ሆኑ ከልጅነቱ ጀምሮ ዐወቀ።

፬. ያልሮጠበት ቀን

ኤሪክ አድጎ በ1920 በስኮትላንድ ወዳለው ወደ ኤዲንብራ ዩኒቨርሲቲ ገባ፤ በዚያም የተፈጥሮ ሳይንስ ተማረ። እግሩ እጅግ ፈጣን ስለ ነበረ በሩጫ ስሙ በአገሩ ሁሉ ታወቀ። በ1924 በፓሪስ ከተማ በሚደረገው የኦሊምፒክ ጨዋታ አገሩን ወክሎ እንዲሮጥ ተመረጠ። ሰዎች ሁሉ በመቶ ሜትር ሩጫ ያሸንፋል ብለው ተስፋ አድርገውበት ነበረ።

የጨዋታው መርሐ ግብር ሲወጣ ግን የመቶ ሜትር ማጣሪያ በእሑድ ቀን እንዲሆን መታሰቡ ታወቀ። ኤሪክ ከሕፃንነቱ ጀምሮ እሑድን የዕረፍትና የጸሎት ቀን አድርጎ ያከብር ነበረ። ስለዚህ በእሑድ አልሮጥም አለ። ብዙ ሰዎች ነቀፉት፤ ስለ አገርህ ክብር አንድ ቀን ብትሮጥ ምን አለ አሉት። እርሱ ግን አልተቈጣም፤ ሐሳቡንም አልለወጠም።

በመቶ ሜትር ፈንታ ለአራት መቶ ሜትር ሩጫ ተዘጋጀ። ይህ ርቀት ለእርሱ እንደ መቶው የተለመደ አልነበረም። በመጀመሪያ በሁለት መቶ ሜትር ሮጦ ሦስተኛ ወጣ። ቀጥሎም በሐምሌ ወር በአራት መቶ ሜትር ሮጦ በ47 ሴኮንድ ከ6 አንደኛ ሆነ። እስከዚያ ቀን በኦሊምፒክ ጨዋታ ያን ርቀት እንደዚያ ፈጥኖ የሮጠ ሰው አልነበረም።

ከዚህ ታሪክ ሰዎች ብዙውን ጊዜ የሚያስታውሱት ድሉን ነው። ነገር ግን ሊታሰብ የሚገባው ሌላ ነገር አለ። በዓለም ሁሉ እጅግ ፈጣን ከሆኑት ሰዎች አንዱ መቆምን ያውቅ ነበረ። መሮጥ የሚችል ሰው በተገባው ቀን ዐርፎ ቢቀመጥ ማንም ሰነፍ ሊለው አይችልም።

፭. ስሙ ዕረፍት የሆነ ሥራ

ኤሪክ ከድሉ በኋላ በሩጫ ብዙ ክብር ሊያገኝ ይችል ነበረ። ነገር ግን በ1925 በሳይቤሪያ የባቡር መንገድ ወደ ቻይና ሄደ። በተወለደባት በቲየንሲን ከተማ በሚሲዮኑ ኮሌጅ ውስጥ የሳይንስ መምህር ሆነ።

ስድስት ዓመት ያህል ካስተማረ በኋላ በ1931 የመጀመሪያ የዕረፍት ፈቃዱን አግኝቶ ወደ ስኮትላንድ ተመለሰ። ሕዝቡ ግን ሯጩን አልረሳውም ነበረ። በየቤተ ክርስቲያኑና በየአዳራሹ እንዲናገር ጠሩት፤ እርሱም እምቢ ማለትን አልወደደም። ከከተማ ወደ ከተማ ሲዞር፥ ስለ ቻይና ሥራ ሲናገር፥ ለብዙ ሰው መልስ ሲሰጥ ወራቱ አለቁ። እንዲህ ያለው ፈቃድ ስሙ ዕረፍት ሆነ እንጂ ነገሩ ሌላ ሥራ ነበረ። በ1932 የቅስና ማዕርግ ተቀብሎ ወደ ቻይና ተመለሰ።

በ1934 ፍሎረንስ የምትባል ነርስ አገባ። እርስዋም በቻይና ያደገች የካናዳ ሚሲዮናውያን ልጅ ነበረች፤ ስለዚህ የመለያየትን ነገር እንደ እርሱ ታውቅ ነበረ። በ1935 አንዲት ሴት ልጅ፥ በ1937 ደግሞ ሁለተኛ ሴት ልጅ ተወለዱላቸው።

በ1937 የጃፓን ሠራዊት ከቻይና ጋራ ትልቅ ጦርነት ጀመረ። በሲያውቻንግ በሚባል የገጠር ስፍራ የሚሲዮን ሐኪም ቤት ነበረ፤ የኤሪክም ታላቅ ወንድም በዚያ ሐኪም ነበረ። ሠራተኛ ስላነሰ ኤሪክ በዚያው ዓመት መጨረሻ ወደዚያ ሄደ። ከተማውን ትቶ በእግርና በብስክሌት ከመንደር ወደ መንደር እየዞረ ገበሬዎችን ያጽናና ነበረ። መንገዱ በወታደርና በሽፍታ የተመላ ነበረ። ስፍራው ለሕፃናት የሚያሰጋ ስለ ሆነ ፍሎረንስና ልጆቹ በከተማ ቀሩ። ኤሪክ ያያቸው የነበረው አልፎ አልፎ ብቻ ነው። እንግዲህ እርሱ በልጅነቱ ከአባቱ እንደ ራቀ፥ ልጆቹም ከእርሱ መራቅ ጀመሩ።

፮. በካርካንት የነበሩት ቀኖች

በ1939 ሁለተኛው የዕረፍት ፈቃድ ደረሰ። ቤተ ሰቡ በአንድነት ወደ ካናዳ ሄደ፤ በቶሮንቶ ከተማም የፍሎረንስን ዘመዶች አገኙ። ነገር ግን በዚያው ዓመት በመስከረም ወር በአውሮፓ ታላቅ ጦርነት ተነሣ። የጀርመን ሰርጓጅ መርከቦች በውሃ ውስጥ እየተደበቁ በአትላንቲክ ውቅያኖስ የሚያልፉትን መርከቦች ያሰጥሙ ነበረ። ስለዚህ ኤሪክ ሚስቱንና ልጆቹን በካናዳ ትቶ ብቻውን ወደ ስኮትላንድ ተሻገረ። እንደ ቀድሞው በብዙ ስፍራ እየተጠራ ተናገረ። የገና በዓልም ያለ ቤተ ሰቡ አለፈበት።

በ1940 ፍሎረንስ ሁለቱን ሕፃናት ይዛ ውቅያኖሱን ተሻገረችና ወደ እርሱ መጣች። ከዚህም በኋላ ቤተ ሰቡ ከኤዲንብራ በስተ ደቡብ ባለው ኮረብታማ አገር ካርካንት በምትባል ስፍራ ለዕረፍት ተቀመጠ።

ይህ አገር ጸጥታ ያለበት የበግ ማሰማሪያ ነው። ኮረብቶቹ ዛፍ አይበዛባቸውም፤ ሣር ለብሰዋል፤ በመካከላቸውም ትንንሽ ወንዞች ይወርዳሉ። ስኮትላንድ ወደ ሰሜን የራቀ አገር ስለ ሆነ በበጋው ወራት ቀኑ እጅግ ይረዝማል። በሰኔ ወር ፀሐይ የምትጠልቀው ከምሽቱ አራት ሰዓት ገደማ ነው። ስለዚህ ልጆች እስኪደክማቸው ከተጫወቱ በኋላም ገና ብርሃን አለ።

ኤሪክ በዚያ ሰዓት የሚያስጠብቀው ጉባኤ አልነበረም፤ የሚያሰጋውም የሽፍታ መንገድ አልነበረም። ጠዋት ልጆቹ ሲነሡ አባታቸውን በቤት ያገኙት ነበረ፤ ማታም ሲተኙ በአጠገባቸው ነበረ። ይህ ለሌላ ልጅ በየቀኑ የሚሆን ትንሽ ነገር ነው። ለእነዚህ ሁለት ሕፃናት ግን አዲስና ትልቅ ነገር ነበረ፤ አባታቸው በሲያውቻንግ ሳለ ያላገኙትን አገኙ። ፍሎረንስም ልጆችን ብቻዋን ከማሳደግ ሸክም ዐረፈች።

ያን ጊዜ ግን ዓለም ሰላም አልነበረም። በእንግሊዝ አገር ቅቤና ስኳር በልክ ይታደል ነበረ። በሰኔ ወር የጀርመን ሠራዊት ፓሪስን ያዘ፤ ኤሪክ ከዐሥራ ስድስት ዓመት በፊት የሮጠባት ከተማ በጠላት እጅ ወደቀች። በቻይናም ያስተማራቸው ገበሬዎች በጦርነት መካከል ነበሩ።

በዚህ ጊዜ አንድ ሰው፥ ዓለም በእሳት ሲቃጠል በኮረብታ ላይ ከልጆች ጋራ መጫወት እንዴት ይገባል ብሎ ቢጠይቅ መልሱ ይህ ነው። ኤሪክ ሸክሙን ጥሎ አልሸሸም፤ ሸክሙን መልሶ እስኪያነሣ ድረስ በመንገድ ዳር አሳረፈው እንጂ። የሚሄድበት መንገድ ከሄደበት ይልቅ የከፋ እንደ ሆነ ያውቅ ነበረ። በመንገድ ዳር ያላረፈ ተሸካሚ ከዳገቱ እኩሌታ ላይ ይወድቃል። ደግሞም ለሌላ ሰው ልጆች ሁሉ የሚደክም አባት ለገዛ ልጆቹ ጊዜ ቢነሣቸው ሥራው ጎዶሎ ይሆናል። ከልጆች ጋራ በደስታ ያለፈ ቀን የጠፋ ቀን አይደለም።

፯. የመልስ መንገድ

በ1940 በነሐሴ ወር ፈቃዱ አለቀ። ቤተ ሰቡም ወደ ቻይና ለመመለስ በመርከብ ተሳፈረ። በጦርነቱ ምክንያት መርከብ ብቻውን አይሄድም ነበረ። ብዙ መርከቦች በአንድ ጓድ ሆነው፥ የጦር መርከቦችም እየጠበቋቸው ይሻገሩ ነበረ። የእነ ኤሪክም መርከብ ከእነዚህ አንዱ ነበረ።

በአትላንቲክ ውቅያኖስ ላይ ሳሉ ሰርጓጅ መርከቦች መጡባቸው። ቶርፔዶ የሚባለው በውሃ ውስጥ የሚወረወር ፈንጂ እነርሱ ያሉበትን መርከብ መታ። ነገር ግን ሳይፈነዳ ቀረ። ከጓዱ መርከቦች አያሌዎቹ ግን ሰጠሙ። አባትና እናት ሕፃናቱን ይዘው እንዴት ያለ ሌሊት እንዳሳለፉ መገመት አያስቸግርም።

አደጋው ባለፈ ጊዜ መንገደኞቹ በእሑድ ቀን ተሰብስበው እግዚአብሔርን አመሰገኑ፤ ጸሎቱንም የመራ ኤሪክ ነበረ። ከዚያም ካናዳ ደረሱ፤ በባቡር ሰፊውን የካናዳ ምድር ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ አቋረጡ፤ ሌላም መርከብ ተሳፍረው ሰላማዊ ውቅያኖስን ተሻገሩ። በጥቅምት ወር መጨረሻ ቻይና ገቡ።

፰. የኋለኛው መለያየት

ቻይና በደረሱ ጊዜ ነገሩ ከቀድሞው ከፍቶ አገኙት። በሲያውቻንግ የጃፓን ወታደሮች የሚሲዮኑን ቅጥር ከብበው ነበረ። በ1941 መጀመሪያ ሚሲዮናውያኑ ሁሉ ከዚያ እንዲወጡ ታዘዙ። ፍሎረንስም በዚያን ጊዜ ሦስተኛ ልጅ አርግዛ ነበረ። ኤሪክና እርስዋ ተማክረው፥ እርስዋ ሁለቱን ልጆች ይዛ ወደ ካናዳ እንድትሄድ፥ እርሱም ጥቂት ጊዜ ሠርቶ እንዲከተላቸው ተስማሙ። ስለዚህ በዚያው ዓመት ተለያዩ። ሦስተኛይቱም ሴት ልጅ በካናዳ ተወለደች፤ አባትዋ ግን አላያትም።

በ1941 መጨረሻ ጃፓን ከእንግሊዝና ከአሜሪካ ጋራ ጦርነት ስለ ጀመረች ኤሪክ ከቻይና መውጣት አልቻለም። በ1943 ከሌሎች የውጭ አገር ሰዎች ጋራ በሻንቱንግ አውራጃ ዌይሲየን በሚባል የእስረኞች ሰፈር ተዘጋ። በዚያ ሰፈር ከሺህ አምስት መቶ የሚበልጡ ሰዎች ተጨናንቀው ይኖሩ ነበረ። ከቤተ ሰቡ ጋራ የሚገናኘው በቀይ መስቀል በኩል በሚያልፍ፥ ጥቂት ቃላት ብቻ በሚፈቀዱበት ደብዳቤ ነበረ።

በእስረኞቹ መካከል ብዙ ተማሪዎች ነበሩ። የሚሲዮናውያን ልጆች ሲሆኑ ከአዳሪ ትምህርት ቤታቸው ከመምህሮቻቸው ጋራ ተይዘው መጡ፤ አባትና እናታቸውም በሩቅ ነበሩ። ኤሪክ እነዚህን ልጆች ባየ ጊዜ የስድስት ዓመት ልጅ ሳለ የደረሰበትን ያስታወሰ ይመስላል። መምህራቸውና የጨዋታቸው መሪ ሆነ። ልጆቹም አጎታችን ኤሪክ ብለው ጠሩት። ለሳይንስ ትምህርት የሚሆን መሣሪያ ስላልነበረ ዕቃዎቹን አንድ በአንድ በእጁ እየሣለ የኬሚስትሪ መጽሐፍ ጻፈላቸው።

በዚያ ሰፈር አንድ ነገር ሆነ። ኤሪክ ጨዋታን ሁሉ ሲያዘጋጅ በእሑድ ቀን ግን አያጫውትም ነበረ። አንዳንድ ልጆች በእሑድ ቀን ብቻቸውን በዱላ የሚመታ የኳስ ጨዋታ ገጠሙ፤ ዳኛ ስላልነበራቸውም ተደባደቡ። ኤሪክ ይህን ሰምቶ አሰበበት። በሚቀጥለው እሑድ ራሱ ወደ ሜዳው ወጥቶ ዳኛ ሆነላቸው።

ስለ ወርቅ ሜዳይና ስለ ክብር በእሑድ ያልሮጠ ሰው፥ ስለ ልጆች ሰላም በእሑድ ሜዳ ላይ ቆመ። ልማዱን የናቀ አይደለም፤ ልማዱ ለምን እንደ ተሰጠ ስላወቀ ነው። የዕረፍት ቀን የተሰጠው ሰው እንዲጠገን ነው፤ ልጆቹም በዚያ ቀን እየተጎዱ ነበረ። ለገዛ ጥቅሙ ያልተወውን ዕረፍት ለሌሎች ጥቅም ተወው።

በ1945 መጀመሪያ ኤሪክ ራሱን ያመው ጀመር። ሰዎች ድካም መሰላቸው። በየካቲት ወር ለፍሎረንስ በላከው በመጨረሻው ደብዳቤ ብዙ ኀላፊነት ተሸክሞ እንደ ነበረና በሐኪም ቤት አንድ ወር ዐርፎ እንደ ተሻለው ነገራት። ነገር ግን በሽታው ድካም ብቻ አልነበረም፤ በአንጎሉ ውስጥ ዕጢ ነበረ። ደብዳቤውን ባስጻፈበት ቀን፥ በ43 ዓመቱ ዐረፈ። ከስድስት ወር በኋላ በነሐሴ 1945 እስረኞቹ ሁሉ ነፃ ወጡ።

፱. ምክር

ፍሎረንስና ልጆችዋ ኤሪክን ዳግመኛ አላገኙትም። ስለዚህ በ1940 በካርካንት ያሳለፉት ዕረፍት ለዚያ ቤተ ሰብ ምን ያህል እንደ ከበረ ማንም ያስተውላል። በዚያን ጊዜ አባትየው፥ ሥራዬ ብዙ ነውና ከልጆቼ ጋራ በሌላ ዓመት ዐርፋለሁ ብሎ ቢሆን ኖሮ፥ ያ ሌላ ዓመት አልመጣም።

ከዚህ ታሪክ ሦስት ነገር እንማራለን። አንደኛ፥ ዕረፍት ከሥራ በኋላ የሚመጣ ነው፤ ያልሠራ ሰው ዕረፍት የለውም፤ መቀመጥ ብቻ ነው ያለው። ሁለተኛ፥ ዕረፍት በጊዜው ሊወሰድ ይገባዋል፤ ለነገ የተባለ ዕረፍት ብዙ ጊዜ ሳይደርስ ይቀራልና። ሦስተኛ፥ ዕረፍት ለብቻ የሚበላ እንጀራ አይደለም። አባት ሲያርፍ ከልጆቹ ጋራ፥ ልጅም ሲያርፍ ከእናቱና ከወንድሞቹ ጋራ ቢሆን ዕረፍቱ ይበዛል።

ተማሪ ትምህርት ቤት በተዘጋ ጊዜ ወደ ቤቱ ሲሄድ ይህን ያስብ። እናቱ ከምንጭ ውሃ ተሸክማ ስትመጣ እርሱ በጥላ ቢተኛ ያ ዕረፍት አይባልም። እንስራዋን ተቀብሎ፥ ከዚያም በአጠገብዋ ተቀምጦ የተማረውን ቢያነብላት ግን ሁለቱም ያርፋሉ።

ጥያቄ

፩. ዕረፍትና ስንፍና በምን ይለያያሉ?
፪. ሚሲዮናውያን የዕረፍት ፈቃድ የሚሰጣቸው ስለ ምን ነው? አራቱን ምክንያት ተናገር።
፫. በ1908 ኤሪክ ምን ሆነ?
፬. በ1931 የተሰጠው ፈቃድና በካርካንት የነበረው ዕረፍት በምን ይለያያሉ?
፭. ቤተ ሰቡ ከስኮትላንድ እስከ ቻይና የተጓዘው በየት በየት ነው?
፮. ኤሪክ በፓሪስ በእሑድ አልሮጥም ብሎ ሳለ በዌይሲየን በእሑድ ዳኛ የሆነው ስለ ምንድር ነው?
፯. በሚመጣው የትምህርት ቤት ዕረፍት ከቤተ ሰብህ ማንን ታሳርፋለህ? እንዴትስ አድርገህ?